ለእኔ የደረሰኝ ጥቁር

ወንድሜ ሎክ ኛንን ካገባ ወዲህ የእናቴን ወጥ ቤት የማያውቅ ሰው ሁዌ ከተማ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው። የተሰነጠቀውን የውሃ ጋን፣ በገመድ የታሰረውን የቁም ሣጥን እጀታ፣ እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ የምትቀመጥበትን በርጩማ፣ ኛን ያልሳለችው ነገር የለም። ሎክን ምሳ በልቶ ቀዝቃዛው ወለል ላይ ደረቱን ገልጦ ሲያንኮራፋ ሥላዋለች። ልጃቸውን ባፕን የሩዝ ሳህን ስትልስ ሥላታለች። የጎረቤት ድመት እንኳ ከአንድ በላይ ሥዕል ላይ አለች። እኔ ግን የትም የለሁም።

ይህንን ለሰው ሳወራ እንደ ቀልድ አድርጌ ነው። ቀልድ አይደለም።

ባሕር ተሻግሬ ሊዮን የሄድኩት ሥዕል ልማር ነበር። ተምሬ የመጣሁት ሥዕልን መጠራጠር ነው። አስተማሪዎቼ ቤቱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው መሣል ያለፈበት ነገር እንደሆነ ነገሩኝ፤ እኔም አመንኩ። ከጣሪያ ላይ ገመድ አንጠለጠልኩ፤ ባዶ ክፍል ውስጥ የሚንጠባጠብ ውሃ ድምፅ ቀዳሁ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰዎች እየመጡ ገመዱን ያዩ ነበር፤ በኋላ እነሱም ቀሩ። ሻንጣዬን ይዤ ተመለስኩና ለሆቴል አስተናጋጆች ፈረንሳይኛ ማስተማር ጀመርኩ። ገመድ ማንጠልጠሉ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን እስከ ዛሬ አልወሰንኩም። ኛን ግን ተጠራጥራ አታውቅም። ከቤተ መንግሥቱ ቅጥር ማዶ ባለው የሥዕል ትምህርት ቤት ተማረች፣ ሎክን አገባች፣ እናቴ ቤት ገባች፣ ዐይኗ ሥር ያገኘችውን መሣል ጀመረች።

ስመለስ ክፍሌ አልጠበቀኝም። ግድግዳውና መስኮቱ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ውስጡ ግን የኛን ማድረቂያ ሆኗል። እሷ የምትሥልበት ሶን የሚባለው የዛፍ ሙጫ እንደ ሌላው ቀለም በፀሐይ አይደርቅም፤ የሚደርቀው በእርጥበት ነው። ስለዚህ ክፍሌ መስኮቱ በረጠበ ጆንያ ተጋርዶ፣ አልጋዬ የነበረበት ቦታ በጣውላ መደርደሪያ ተሞልቶ አገኘሁት። ደግሞ ሁዌ ናት፤ ዝናብ አንዴ ከጀመረ ወሩን ሙሉ ቤቱም ሰዉም እርጥብ ነው። ሠዓሊ ለመሆን ከዚህ የተሻለ ከተማ የለም ትላለች ኛን። እኔ ከእናቴ ጋር ሳሎን ውስጥ ያለው ሰፊ የእንጨት አልጋ ላይ እተኛለሁ። እናቴ በእንቅልፏ ትራገጣለች።

ኛን በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ነገር ግን የታላቅ ወንድሜ ሚስት ስለሆነች በወጋችን እትዬ ልላት ይገባል። እትዬ ኛን እላታለሁ። እሷ ደግሞ በልጇ አፍ አክስቴ ትለኛለች። አክስቴ እራት ቀርቧል፤ አክስቴ ፎጣሽ ወድቋል። ይህ ትሕትና መሆኑን አውቃለሁ፤ ሁሉም ቤት እንዲህ ነው። ለእኔ ግን ውጭ ቆሞ ለሚያንኳኳ ሰው የምትናገር ነበር የሚመስለኝ። እናቴን እማዬ ብላ ስትጠራት ደግሞ፣ ያቺ እማዬ የእኔን እማዬ ለብሳ የምትዞር ይመስለኝ ነበር።

በተመለስኩ ሰሞን ገና ያልደረቀ ሥዕል በክርኔ ነካሁ። በማግሥቱ ክንዴ ነደደ፣ የዐይኔ ቆብ አብጦ ዐይኔን ከደነው። እናቴ በቀዝቃዛ ጨርቅ እያበሰችልኝ የድሮውን ተረት ተረተችብኝ፤ "ሶን ፊት አይቶ ይበላል፣ ጂን ሰው አይቶ ይይዛል።" ሙጫው የለመደውን ሰው አይነካም። ኛን እጇን እስከ ክንዷ ትነክርበታለች፣ ምንም አትሆንም። እናቴ ምንም አትሆንም። ባፕ እንኳ ጣቷን ታስገባበታለች። እዚያ ቤት ውስጥ ተወልጄ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ጥርሴን ነቅዬ፣ እንግዳ መሆኔን ያወቀብኝ ሙጫው ሆነ።

የሚያንገበግበኝ ግን ክፍሉም ሙጫውም አልነበረም። የእናቴ ፊት ነበር።

በኛን ሥዕሎች ላይ እናቴ አንድ ዓይነት ፊት አላት። አንገቷን ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አድርጋ፣ ዐይኗን ዝቅ አድርጋ፣ ሥዕሉ ውስጥ የሌለ አንድ ነገር ታያለች። የከንፈሯ ጥግ ልትስቅ ያለች፣ ሳቁን ግን ለአንድ ሰው ብላ ያስቀመጠች ትመስላለች። እጇ ሽንኩርት ይላጥ፣ ዓሣ ይጠብ፣ ፊቷ ያው ነው። አንድ ጋዜጣ ላይ የጻፈ ሰው "ወደ ገዛ ልቧ የምትመለከት እናት" ብሏታል። እኔ ጋዜጠኛ አያስፈልገኝም፤ ወደ ማን እንደምትመለከት ገብቶኛል። ፊት ለፊቷ ተቀምጣ የምትሥላት ኛን ናት። እኔን እንዲህ አድርጋ አይታኝ አታውቅም። እኔን ስታየኝ የምታየው አጥንቴን ነው፤ ከሳሽ፣ ፀጉርሽ ሳሳ፣ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ሸሚዝ ነው።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ኛን ሳይጎን ውስጥ ለብቻዋ የመጀመሪያዋን ትርዒት እንድታሳይ ተጠራች። ለዚህ ብላ ከእስከ ዛሬው ሁሉ የሚበልጥ ሥዕል ጀመረች፤ ሁለት ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ሰሌዳ ነው። ስሙን "ከምሳ በኋላ" አለችው። ንድፉን ስስ ወረቀት ላይ ሠርታ ግድግዳ ላይ ስትለጥፈው፣ ሁሉም ተኝተዋል ብዬ ባሰብኩበት ሰዓት ሄጄ አየሁት። መሃል ላይ እናቴ ሰፊው አልጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ባፕ ተንበርክካ ሽበት ትነቅልላታለች። ያ የእኔ ሥራ ነበር። ልጅ ሳለሁ ከምሳ በኋላ ለከረሜላ ብዬ የእናቴን ሽበት የምነቅል እኔ ነበርኩ፤ ሽበቷ ሲያልቅብኝ ጥቁሩንም እነቅል ነበር። ሎክ ወለሉ ላይ አለ፣ ሆዱ እንደ ትንሽ ኮረብታ። ድመቷም አለች። ሩቅ በስተቀኝ የወጥ ቤቱ በር አለ፤ በሩ ውስጥ ባዶ ነው፣ ጨለማ መሆኑን ለማመልከት በእርሳስ ጠቁሯል። የገረመኝ፣ እናቴ በዚህኛው ዐይኗን ዝቅ አላደረገችም። የምታየው ወደዚያ ወደ ጨለማው ነበር።

በማግሥቱ፣ እዚያ በሩ ጋ ምን አለ አልኳት ኛንን። ገና ነው አለችኝ።

ከዚያ በኋላ የሆኑ ሁለት ትንንሽ ነገሮች አሉ፤ ያኔ ቁም ነገር አልመሰሉኝም። አንድ ቀን ምሳ ተበልቶ እንደ ልማዴ ብርጭቆዬን ይዤ የወጥ ቤቱን በር መቃን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ኛን ከሳሎን "አክስቴ፣ እንደዚያው ቆይ" አለችኝ፤ ዐይኗን አጥብባ ትንሽ አየችኝና ተመልሳ ሄደች። ብርሃኑ እንዴት እንደሚያርፍ ልትለካብኝ ነው ብዬ፣ እንደ ኮት መስቀያ ተቆጠርኩ ብዬ ተናደድኩ። ሌላው፣ ጠዋት ጠዋት የምበላውን የዳክዬ እንቁላል ቅርፊት መሰብሰብ ጀመረች። ከሶን ነጭ ቀለም አይወጣም፤ ነጭ የፈለገ ሠዓሊ የእንቁላል ቅርፊት እየሰባበረ ይለጥፋል። ቤቱ በእንቁላል ቅርፊት የተሞላ ሆኖ ሳለ የእኔን ለምን እንደፈለገች አልጠየቅኳትም።

የዚህ ሥዕል አሠራር ለቸኮለ ሰው አይሆንም። መጀመሪያ ሁሉም ይሣላል፤ ቀለም ከሙጫ ጋር እየተሸ ይቀባል፣ በላዩ እንደ ቅጠል የሳሳ የብር ሉህ ይለጠፋል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይቀባል። መጨረሻ ላይ ሰሌዳው በሙሉ በጥቁር ሶን ይሸፈናል። ሰውም ድመትም ከሥር ይቀበራል። ከደረቀ በኋላ በውሃና በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ጥቁሩ እየሳሳ ሲሄድ የተቀበረው ይወጣል። ትንሽ የፋቀ ሰው ሥዕሉን አያገኘውም። አብዝቶ የፋቀ ደግሞ አልፎት ይሄዳል፤ የሄደውን የሚመልሰው የለም።

ፍቂያው ረጅም ስለሆነ እኛ ቤት ሁሉም ይፍቃል። ኛን ቦታ ታከፋፍላለች። እናቴ የራሷን ምስል ነው የምትፍቀው፤ መጨማደዴን ሌላ ሰው አይነካብኝም ትላለች። ሎክም የራሱን። ግድግዳውንና ዝናቡን ጎረቤታችን ወይዘሮ ሊየን ትመጣና ወሬዋን ይዛ ትፍቃለች። ኛን ከጥቁሩ ሥር ምን እንዳለ አስቀድማ ለማንም አትናገርም፤ የፋቀው በእጁ ያውጣው ነው የምትለው። እስከዚያ ቀን ድረስ እኔ በፍቂያ ቀን ማስተማር አለብኝ እያልኩ እወጣ ነበር። በዚያ ቀን ግን ቀረሁ። ምን እንደሚደርሰኝ ማወቅ ፈለግኩ። ድመቷም ብትደርሰኝ ድመቷን እፍቃለሁ ብዬ ነበር።

ሰሌዳው ሁለት አግዳሚ ላይ ተጋደመ። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ኛን ወረቀትና የውሃ ጣሳ አደለች። እናቴ መነጽሯን አድርጋ መሃሉን ያዘች። ሎክ፣ ሆዴን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ብፍቀው ይቀንስልኝ ይሆናል አለና ወይዘሮ ሊየንን አሳቃት። ወይዘሮ ሊየን ግድግዳዋን ተቀበለች። ከዚያ ኛን ወደ እኔ መጣች።

"አክስቴ፣ አንቺ ይሄን ጥግ።"

በቀኝ በኩል ያለው የበሩ ጥግ ነው። ንድፉ ላይ ያየሁት ጨለማ።

"ጥቁሩን?" አልኳት።

"አዎ። ቀስ ብለሽ።"

እናቴ ከመነጽሯ በላይ ኛንን አየቻት፤ ኛንም አየቻት። ሁለቱም ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔ ያየሁት ሳቅ ነው፤ በእኔ ላይ የተሳቀ ሳቅ። ለጎረቤት ግድግዳ፣ ለእኔ ጨለማ። ጥቁር ቢፋቅ ጥቁር፣ ባይፋቅም ጥቁር። ሕፃን ልጅ ሥራ እንዳያበላሽ እንደሚሰጠው ቁራጭ ሊጥ ነው የተሰጠኝ።

ቢሆንም መፋቅ ጀመርኩ። ስሱ ወረቀት አልሄድ አለኝ። አጠገቤ ሎክ ለሥዕሉ ጣሪያ የተጠቀመበት ሻካራ ወረቀት ወድቆ ነበር፤ እሱን አነሳሁ። ግራጫ ውሃ በጣቶቼ መሃል ፈሰሰ። ጥቂት ቆይቶ ከታች በኩል ነጭ ነጥቦች ብቅ ብቅ አሉ። የወጥ ቤቱ መደርደሪያ ሳህኖች ናቸው አልኩ በልቤ። ሳህኖቹን ሰጠችኝ። ከነጩ በላይ ወዳለው ጥቁር ተሻገርኩ።

በዚህ መሃል የእናቴ ፊት መውጣት ጀመረ። ወይዘሮ ሊየን ሥራዋን ትታ ሄዳ ጎንበስ አለችበት፤ ይሄማ አንቺው ነሽ፣ ልታወሪኝ ነው የሚመስለው አለች። እናቴ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገችና ኛንን ጀርባዋ ላይ መታ መታ አደረገቻት።

"የወለድኳት እንኳ እንዲህ አታውቀኝም" አለች።

እንደ ጨዋታ ነው ያለችው። ወይዘሮ ሊየንም ሎክም ሳቁ፤ እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ዐይኔ እነሱ ላይ ነበር፤ እጄ ግን ሰሌዳው ላይ። ምን ያህል እንደፋቅኩ አላውቅም። እጄን አምኜ ሳይሆን እጄን ረስቼ ነበር የምፍቀው። ጥቁር ነው፤ ጥቁር ምን ይሆናል?

"አቁሚ" አለች ኛን።

አክስቴ አላለችም። መጥታ ከጣሳው ውሃ አፈሰሰችበትና በመዳፏ ጠረገችው።

ነጩ ሳህን አልነበረም። ሸሚዝ ነበር። እናቴ የማትወደው፣ እጅጌው የሰፋው፣ ኪሱ የተጣመመው የእኔ ሸሚዝ፤ በትንንሽ የእንቁላል ቅርፊት ስብርባሪ አንድ በአንድ ተደርድሮ። በአንድ በኩል መቃኑን የያዘ እጅ አለ፤ ጥፍሩ ሳይቀር። በሌላው እጅ ብርጭቆ አለ። ከአንገትጌው በላይ ትንሽ ቡናማ ዱካ ይታያል፣ ቀጥሎ ጭረት የበዛበት የብር ብናኝ፣ ከዚያ የሰሌዳው ባዶ መደብ። ፊት የለም። ከመሃል እናቴ አዲስ በወጡት ዐይኖቿ ወደዚያ ባዶ ቦታ ታያለች።

"እንዴ፣ ይቺ ዊየን አይደለችም?" አለች ወይዘሮ ሊየን። በሸሚዙ ነው ያወቀችኝ።

ኛን እጇን ታጥባ ወጣች፤ ማድረቂያው ክፍል ገብታ ከውስጥ ቆለፈችው።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት ባላወራ እመርጣለሁ። ሎክ ሞተር ብስክሌቱን እየጠረገ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ ሚስቱ ያንን ፊት ስንት ጊዜ እንዳፈረሰችና እንደሠራች ነገረኝ። መኪናው መጥቶ ሌሎቹን ሥዕሎች ጫነ፤ ትልቁ ሰሌዳ ቀረ። በግድግዳው በኩል ኛን ከትርዒቱ ባለቤት ጋር በስልክ ስታወራ ሰማኋት። ሴትዮዋ የጥሪ ወረቀቱ ላይ ያተምነው እሱን ነው ብላ ጮኸች። ኛን፣ ግድግዳው ላይ ቦታውን ባዶ ተዉት፣ ይደርሳል አለች። ምን ሆነ ተብላ ስትጠየቅ ቤት ውስጥ አይጥ ገብቶ ነው አለች። ይገባኛል፤ ከዚህም የባሰ ስም ሊሰጠኝ ይችል ነበር።

በመጨረሻ ሄጄ አንኳኳሁ፤ ድሮ ክፍሌ የነበረውን በር። ከፈተችልኝ፣ ግን አልተቀመጠችም፤ እኔም የምቀመጥበት ቦታ አልነበረም። ይቅርታ አልኳት። ይቅርታውን ስጨርስ ግን ዝም ማለት ሲገባኝ፣ ብትነግሪኝ ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር አልኳት።

"ነግሬሻለሁ" አለች። "ቀስ ብለሽ አልኩሽ።"

"ጥቁር ነው ያልሽኝ።"

"አንቺ ነሽ ጥቁር ያልሽው። እኔ አዎ አልኩ። ምን ልበልሽ፣ ፊትሽ ነው ልበልሽ?" እጇ ላይ የነበረውን ብሩሽ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች። "ከመጣሽ ጀምሮ የምታዪኝ እንደ ሌባ ነው። እሺ፣ ንገሪኝ። ምንሽን ወሰድኩ? ክፍሉን? ነገ ላውጣልሽ እችላለሁ።"

ክፍሉ አይደለም አልኳት። ታዲያ ምንድን ነው አለችኝ። ልናገረው አፈርኩ፤ ግን ከዚያ ወዲያ የምደብቀው ክብር አልቀረኝም።

"ፊቷን" አልኩ። "እማዬ አንቺን የምታይበትን ፊት።"

ኛን ሳቀች፤ ሳቋ ደስ የሚል አልነበረም። ከመደርደሪያው ሥር የእርሳስ ንድፎቿን ጎትታ አንድ በአንድ ወለሉ ላይ ጣለቻቸው። እናቴ ሽንኩርት ስትልጥ። እናቴ ዓሣ ስታጥብ። እናቴ ባዶ እጇን። ሁሉም ላይ አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል፣ ዐይኗ ዝቅ ያለ።

"ይሄ መቼ የተሣለ ይመስልሻል? እሑድ። ይሄስ? እሑድ። ይሄም እሑድ።"

አልገባኝም።

"እሑድ ከሊዮን ስትደውዪ ስልኩን የዓሣ መረቅ ጠርሙሱ ላይ አስደግፌ የማቆምላት እኔ ነበርኩ። አንቺ ስለ ገመድሽ ታወሪያለሽ። እሷ አንድ ቃል አይገባትም። እንዲህ ሆና ታይሻለች፤ ስልኩን ከዘጋሽውም በኋላ ትንሽ ትቆያለች። እኔ ጥግ ተቀምጬ እሥላለሁ።" ድምፅዋ ወረደ። "እኔን እንዲህ አይታኝ አታውቅም፣ ዊየን። እኔን የምታየኝ ሩዙ ማረሩን ልትነግረኝ ነው።"

በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነበር።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ እፎይ ይላል ይባል ይሆናል። እኔ አላልኩም። ወለሉ ላይ የተበተነውን ፊት እያየሁ የታወሰኝ፣ እሑድ እሑድ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ጎን ለጎን ሌላ ሥራ እሠራ እንደነበር ነው። ልብስ አጥፋለሁ፣ ጥፍሬን እቆርጣለሁ፣ እሺ እማዬ እላለሁ። ያ ፊት በየሳምንቱ ወደ እኔ ሲላክ ነበር፤ ቀና ብዬ አላየሁትም። ያየችው ኛን ናት። የእኔ መሆኑን ባወቅኩባት ደቂቃ እንደገና ቀናሁባት፤ አሁን ደግሞ በባሰ ሁኔታ፤ የተላከልኝን ነገር በእኔ ቦታ ሆና የተቀበለችልኝ እሷ ስለነበረች።

ጎንበስ ብዬ ንድፎቹን መሰብሰብ ጀመርኩ። እሷም ጎንበስ አለች።

"መልሼ እሠራዋለሁ" አለች። "በፊት ከሩቅ እያየሁሽ፣ የቀረውንም ከትውስታዬ ነው የሠራሁት። አሁን ትቆሚልኛለሽ።"

"ቁጭ ልበል? ሁልጊዜ በሩ ላይ ከምቆም።"

"ሸሚዙ ቆሟል" አለች። "የእንቁላል ቅርፊት አይቀመጥም።"

በማግሥቱ ከምሳ በኋላ ሸሚዙን ለብሼ መቃኑን ያዝኩ። ኛን እኔን አትዪኝ አለች፤ እማዬን እዪ። እናቴን ደግሞ፣ እርስዎ ዝም ብለው ከእሷ ጋር ይጫወቱ አለቻት። እናቴ በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ የማሾ በቆልት በገበታ ሞልታ ጭራውን እየቀነጠሰች ነበር። መጫወት ማለት ለእናቴ ምን እንደሆነ ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ። ያንን ሸሚዝ ለሥዕል ብለሽ ነው ወይስ ሌላ የለሽም አለች። ቆመሽ ስትታዪ አባትሽን ትመስያለሽ፣ እሱም መቃን ላይ ተደግፎ ነው ዕድሜውን የጨረሰው አለች። ከሳሽ አለች። ባል ማግባት ባትፈልጊ እንኳ እንቁላሉን ሁለት ሁለት ብዪ አለች። አንገቴ ደነዘዘ፤ ኛን አትንቀሳቀሺ አለችኝ።

መሃል ላይ እናቴ ንግግሯን አቋርጣ ወደ በቆልቱ አጎነበሰች። አንገቷ ትንሽ ወደ ግራ ዘንበል አለ። የከንፈሯ ጥግ ላይ ያ ነገር ያለ መሰለኝ። ለእኔ ይሁን ለበቆልቱ እርግጠኛ ለመሆን ጎንበስ ልል ስል ኛን "ዊየን" አለች፤ ቀና አልኩ። ያንን ገበታ በቆልት ስትጨርስ እናቴ፣ ለነገ ይህ አይበቃም ብላ ሌላ ሞልታ መጣች። አንዱ ገበታ ለቤታችን ሰው እንደሚበቃ ታውቃለች። ከዚያን ቀን በኋላም ስቆም ኛን በቃሽ እስክትለኝ ድረስ ደከመኝ ብዬ አላውቅም።

ፊቱ አልቆ ደረቀ። ኛን በላዩ ጥቁሩን ቀባችበት፤ እንደገና ጠፋሁ። ዝናቡ አልቋረጥ ስላለ ሙጫው እንደ ልብ ደረቀ። የመፋቂያው ቀን ሲደርስ ሰሌዳው አግዳሚው ላይ ወጣ፤ ኛን አንድ ስስ ወረቀት ብቻ ይዛ መጣች። እጄን ዘረጋሁ።

"አንቺማ አይደለሽም" አለች።

ወረቀቱን ለእናቴ ሰጠቻት። እናቴ፣ እኔ ከራሴ በቀር የማንንም ፍቄ አላውቅም፣ ባጠፋውስ ብላ ልትመልሰው ነበር። ኛን ዝም ብላ ውሃውን አቀረበችላት። እናቴ መነጽሯን አደረገች። ትንሽ ውሃ፣ ትንሽ ፍቂያ፣ መጥረግ፣ ማየት። መጀመሪያ ግንባሬ ወጣ። ከዚያ አንድ ዐይን። እናቴ ወረቀቱን አስቀመጠችና፣ የመጨረሻውን ለማለስለስ እንደሚደረገው፣ በከሰል ዱቄትና በመዳፏ ማሸት ጀመረች። ልጅ ሳለሁ ትኩሳት ሲይዘኝ እንደምታደርገው ከግንባር ወደ ጉንጭ። እኔ ከአግዳሚው ማዶ ቆሜ የገዛ ፊቴን እያየሁ፣ ያ ሰሌዳ ላይ ያለው ጉንጭ በመሆን ፋንታ እዚህ በመቆሜ ቆጨኝ።

ሎክ ደጅ ላይ ቆሞ ያይ ነበር። "የእኔን ፊት እኮ ማንም እንዲህ በመዳፉ አሽቶልኝ አያውቅም" አለ። አነጋገሩ እንደ ቀልድ ነበር።

እናቴ ቀና አላለችም።

"አንተ መች ሄደህ ታውቃለህ" አለችው። ከዚያ ጣሳውን ወደ እኔ ገፋ አደረገች፤ ውሃው ቆሽሿል፣ ለውጠሽ አምጪልኝ አለች።